የተራበ ጎረቤት ለሚመግቡ ማኅበራት፦ አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ አጠያየቅ ከቤት ቆጠራ እስከ መጨረሻው ሪፖርት

«ማኅበር አቋቁመናል፤ በቀበሌያችን ምሳ በልተው ራት የማይደግሙ ቤቶች አሉ፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ትንሽ ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ ሲባል ሰምተናል፤ ምን ጽፈን እንላክ?» ከደሴም ከኮምቦልቻም ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ ይኸው ነው። በስልክ ሲነገር ሁሌም አንዱ ነገር ስለሚዘለል ሙሉውን በጽሑፍ አስቀምጠነዋል።

አነስተኛ ድጋፍ የምንለው አንድ የሰፈር ማኅበር በጥቂት ወራት ውስጥ ሠርቶ የሚጨርሰውንና ሒሳቡን የሚያወራርደውን ገንዘብ ነው። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ገጽ አይበልጥም። የሚወድቀውም አማርኛው ወይም እንግሊዝኛው ስለማያምር አይደለም። ስንት ሰው፣ ስንት ኪሎ፣ እስከ መቼ የሚሉት ሦስት ቁጥሮች እርስ በርስ ስለማይገናኙ ነው። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት መቁጠር ይቀድማል፤ የዚህ መመሪያ ግማሹም የቆጠራ ሥራ ነው።

በእጃችሁ ሊኖር የሚገባ

- የምዝገባ የምስክር ወረቀት (የታደሰ)፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር
- በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብና ባንኩ የጻፈው ማረጋገጫ
- የፈራሚዎች ስምና የፊርማ ናሙና ያለበት የቦርድ ወይም የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ
- ያለፈው ዓመት የሥራና የሒሳብ ሪፖርት፤ በኦዲተር የታየ ከሆነ የኦዲቱ ሪፖርት
- የቀበሌው ወይም የክፍለ ከተማው የድጋፍ ደብዳቤ
- የቤት ለቤት መጠይቅ፣ እርሳስ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ
- የሕፃናትን የክንድ ዙሪያ የሚለካ ባለ ሦስት ቀለም ሜትር (ከጤና ጣቢያ ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይገኛል)
- 100 ኪሎ የሚመዝን ሚዛን፤ ባይኖራችሁ በበጀቱ ውስጥ ይገባል
- የኢትዮጵያና የፈረንጆች ቀን ጎን ለጎን ያለበት የቀን መቁጠሪያ

ደረጃ 1፦ በማን ስም እንደምትጠይቁ ወስኑ

ለጋሹ መጀመሪያ የሚያየው ገንዘቡን የሚቀበለው አካል በሕግ ያለ መሆኑን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ከሆናችሁ፣ ወይም በክልል ደረጃ ከተመዘገባችሁ፣ በራሳችሁ ስም ትጠይቃላችሁ። እድርና እቁብ ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። እድሩ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ አባላቱን ለአርባ ዓመት ቢቀብርም፣ አብዛኛው የውጭ ለጋሽ በቀጥታ ገንዘብ አይልክለትም።

መፍትሔው ከተመዘገበ ድርጅት ጋር የመግባቢያ ስምምነት መፈራረም ነው። ገንዘቡ በእነሱ ሒሳብ ይገባል፤ ሥራውን እድሩ ይሠራል። ስምምነቱ ላይ አራት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ ቼክ የሚፈርሙት እነማን እንደሆኑ፣ ድርጅቱ ለአስተዳደር ስንት በመቶ እንደሚይዝ፣ ገንዘቡ ከገባ በስንት ቀን ውስጥ ለሥራው እንደሚለቀቅ፣ ሥራው ሲያልቅ ሚዛኑና ድስቱ የማን እንደሚሆን። ሦስተኛው ካልተጻፈ ገንዘቡ ሐምሌ ገብቶ ስንዴው ጥቅምት ይገዛል።

ማስጠንቀቂያ፦ የድጋፍ ገንዘብ በሊቀ መንበሩም ሆነ በገንዘብ ያዡ የግል ሒሳብ አይግባ፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን። ሰውዬው የታመነ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። ሒሳቡ በኦዲት ሲታይ «የት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ወረቀት አይኖራችሁም።

ደረጃ 2፦ አንድ ሰፈርና አንድ ዓይነት ችግር ምረጡ

«በደቡብ ወሎ ያለውን የምግብ እጥረት መቅረፍ» ብሎ የጀመረ ማመልከቻ በመጀመሪያው ገጽ ይወድቃል፤ ገንዘቡ ለዞን ቀርቶ ለአንድ ክፍለ ከተማም አይበቃምና። «በሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ ጧሪ የቀሩ 40 አረጋውያን» ወይም «በኮምቦልቻ በአንድ ቀበሌ ውስጥ በቀን ሥራ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ 35 እማወራዎች» ሲባል ግን አንባቢው ሰዎቹ ይታዩታል፤ ሒሳቡንም መከተል ይችላል።

ከመምረጣችሁ በፊት ሌላ ማን እየረዳ እንደሆነ ጠይቁ። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ናት፤ ስለዚህ ቀበሌው የተጠቃሚዎች መዝገብ አለው። ከአደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ የበጎ አድራጎት ኮሚቴዎችም ተመሳሳይ ዝርዝር ጠይቁ። ዝርዝሩን የምታመሳክሩት ሴፍቲኔት ያለውን ሁሉ ለማስወጣት አይደለም፤ የሚያገኘው የማይበቃው አለ። ዓላማው ለጋሹ «ድግግሞሽ እንዳይኖር ምን አደረጋችሁ?» ሲል በቁጥር ለመመለስ ነው፦ ከ90 ቤተሰብ 22ቱ ሌላ ድጋፍ አላቸው፤ ከ22ቱ 6ቱን በዚህ ምክንያት አስገብተናል።

ደረጃ 3፦ ረሃቡን ለኩ

ይህ ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ነው፤ የሚያስከፋውም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም በሁለት ቀን የሚያልቅና ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። በብዙ አገር የተፈተነ ሦስት ጥያቄ ብቻ ያለው የቤተሰብ ረሃብ መለኪያ አለ። ቤት ለቤት ሄዳችሁ፣ በተለይ ምግብ የምታዘጋጀውን ሰው ስለ ባለፉት 30 ቀናት ትጠይቃላችሁ፦

ሀ. በማጣት ምክንያት በቤት ውስጥ ምንም የሚበላ ነገር ያልነበረበት ጊዜ ነበር?
ለ. በቂ ምግብ ስለሌለ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ እንደራበው ያደረበት ሌሊት ነበር?
ሐ. በቂ ምግብ ስለሌለ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ ቀኑንም ሌሊቱንም ምንም ሳይቀምስ የዋለበት ጊዜ ነበር?

«አልነበረም» ካሉ 0። ነበር ካሉ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠይቁ፦ ከ1 እስከ 10 ጊዜ ከሆነ 1 ነጥብ፣ ከ10 ጊዜ በላይ ከሆነ 2 ነጥብ። የሦስቱን ደምሩ። 0 ወይም 1 ያገኘ ቤት ረሃቡ አነስተኛ ነው ወይም የለም፤ 2 ወይም 3 መካከለኛ፤ ከ4 እስከ 6 ከባድ።

በወሎ አንድ ጥንቃቄ ግድ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሚጾምበት አገር «ሳትበሉ ውላችሁ ታውቃላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የተሳሳተ መልስ ያመጣል። «በማጣት» ወይም «በቂ ምግብ ስለሌለ» የሚለውን በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ አጥብቃችሁ ተናገሩ፤ «ጾሙን ሳይጨምር» በሉ። በዐቢይ ጾም፣ በፍልሰታና በረመዳን ውስጥ ባትለኩ ይሻላል። ግድ ከሆነ ቀኑን መጠይቁ ላይ ጻፉ።

ስንት ቤት? ቀበሌው የሰጣችሁ ዝርዝር 150 ቤት ቢኖረው 50ው ይበቃል። ከ1 እስከ 3 ባለው ቁጥር ዕጣ ጣሉ፤ 2 ቢወጣ ከ2ኛው ጀምራችሁ በየሦስት ቤቱ ሂዱ፦ 2፣ 5፣ 8፣ 11። የምታውቋቸውን ብቻ ከጠየቃችሁ ውጤቱ የእናንተን ትውውቅ እንጂ የሰፈሩን ረሃብ አያሳይም። ጠያቂዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን እናቶች የበለጠ ይናገራሉ። «ስም ልንመዘግብ ነው» አትበሉ፤ እርዳታ የመጣ ከመሰለ ሁሉም ሰው 6 ነጥብ ይሆናል።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን ካለ የግራ ክንዱን ዙሪያ ለኩ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች (ቀይ) ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ የእናንተን ስንዴ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እንዲህ ያለ ሕፃን የሚያስፈልገው ሕክምና ነው፤ የቤት ቀለብ ብቻውን አያድነውም። ከ11.5 እስከ 12.5 (ቢጫ) ያለውን መዝግባችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስጡ። ይህን ማድረጋችሁን ማመልከቻው ላይ በአንድ መስመር ጻፉ።

ደረጃ 4፦ ምን እንደምትሰጡ ወስናችሁ በኪሎ አስሉ

በኢትዮጵያ የዕለት ደራሽ እርዳታ ሲሰጥ የተለመደው የአንድ ሰው የወር ስፍር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። በቀን 500 ግራም እህል፣ 50 ግራም ጥራጥሬ፣ 15 ግራም ዘይት ማለት ነው። ይህ ስፍር መነሻችሁ ይሁን፤ ለጋሾች ስለሚያውቁት ቁጥራችሁን ማስረዳት ቀላል ይሆናል።

አሁን 60 ቤተሰብ፣ እያንዳንዱ 5 ሰው፣ ለ3 ወር በሙሉ ስፍር እንመግብ ቢባል፦

- ሰው፦ 60 × 5 = 300
- እህል፦ 300 × 15 × 3 = 13,500 ኪሎ፣ ማለትም 135 ኩንታል
- ጥራጥሬ፦ 300 × 1.5 × 3 = 1,350 ኪሎ፣ 13.5 ኩንታል
- ዘይት፦ 300 × 0.45 × 3 = 405 ኪሎ። ዘይት በሊትር ስለሚሸጥ ለ0.92 አካፍሉት፤ 440 ሊትር ያህል፣ ባለ 20 ሊትር 22 ጄሪካን

135 ኩንታል ስንዴ በዛሬው ዋጋ አባዙትና ተመልከቱ። አብዛኛው አነስተኛ ድጋፍ ይህን አይሸከምም። እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ምርጫ ያለው። ገንዘቡ 40 ኩንታል ብቻ ቢገዛ፣ ለ3 ወር በሙሉ ስፍር 17 ቤተሰብ ትደርሳላችሁ፤ በግማሽ ስፍር 35 ቤተሰብ። የእኛ ምክር፦ ሌላ ምንም ገቢ ለሌለው አረጋዊና ሕመምተኛ ሙሉ ስፍር፣ ቀን ሥራ ለሚያገኝ ቤት ግማሽ። ለሁሉም እኩል ይዳረስ ብላችሁ ለ60 ቤት ብትበትኑት ግን ለአንድ ሰው በወር 4 ኪሎ ተኩል እንኳ አይደርስም። ያ ረሃቡን አይነካውም፤ በመጨረሻው ልኬትም ለውጡ አይታይም።

የበሰለ ምሳ ከመረጣችሁ ሒሳቡ ሌላ ነው። ለ80 አረጋውያን፣ በወር 22 ቀን፣ ለአንድ ሰው 50 ግራም ሽሮና 15 ግራም ዘይት ሲታሰብ በወር 88 ኪሎ ሽሮና 26.4 ኪሎ ዘይት ይወጣል፤ እንጀራው ለብቻ። የበሰለ ምሳ አቅም አንሷቸው ማብሰል ለማይችሉ ይበጃል፤ ወጥ ቤት፣ ውኃ፣ ማገዶና በየቀኑ የሚመጣ ሰው ግን ይፈልጋል።

ማገዶው ላይ እንቁም። ውኃ በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ወደ 2,500 ሜትር በምትጠጋው ደሴ ከ92 ዲግሪ አካባቢ አይዘልም፤ በ1,850 ሜትር ገደማ ባለችው ኮምቦልቻ 94 አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ ደሴ ላይ አልበስል የሚሉት ለዚህ ነው። ቆላ ካለ ከተማ የተገለበጠ የማገዶ በጀት ወሩ ሳያልቅ ያልቃል። ጥራጥሬውን ከማታው ዘፍዝፉ፤ ማገዶውንም አንድ ቀን በሙሉ መጠን አብስላችሁ መዝኑና የዚያን ቀን ኪሎ በቀናቱ አባዙ። በኤሌክትሪክ ምጣድ ለምትጋግሩ፦ አንዱ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ ከወጥ ቤቱ መብራት ጋር በአንድ መስመር ላይ አይቀጠል። ለብቻው መስመር ማስዘርጊያውም በበጀት ይያዝ።

ደረጃ 5፦ ወሩን አስተካክሉ

ረሃቡ የሚጠናው ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የአምናው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ነው፤ በልጉ ከከሸፈ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ። የእህል ዋጋ የሚወደደውም በዚያው ወቅት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር መኸሩ ሲሰበሰብ ይወርዳል። ስለዚህ ጥር ላይ ገዝቶ ሰኔ ላይ ማከፋፈል በዚያው ገንዘብ ብዙ ተጨማሪ ኩንታል ያስገዛል፤ ነገር ግን አምስት ወር የሚያቆይ መጋዘን ያስፈልጋል።

ማቆየት ከመረጣችሁ እህሉ ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ እህልና ትንሽ የደረቀ ጨው ጨምራችሁ ለጥቂት ደቂቃ ነቅንቁ። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እህሉ እርጥብ ነው፤ አትግዙት ወይም አስጡት። ነቀዝ የማያስገቡት አየር የማያሳልፉ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢቶች ከተራው ማዳበሪያ ቢወደዱም ኬሚካል ከመጨመር ያድናሉ። ጆንያ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ከግድግዳም ይራቅ። የደሴ ጭጋግና የክረምቱ እርጥበት ከሥርና ከጎን ገብቶ ያሻግተዋል።

ደረጃ 6፦ በጀቱን ሥሩ

የእህሉን ዋጋ ማንም አይረሳም። የሚረሱት እነዚህ ናቸው፦

- ጫኝና አውራጅ፣ ሁለት ጊዜ (ሲገዛና መጋዘን ሲገባ)
- የመኪና ኪራይ፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዳገት ስለሆነ ዋጋው ከሜዳው ይለያል
- ወፍጮ፤ እህሉን በጥሬው ብትሰጡ የወፍጮ የሌለው ሰው ከፊሉን ሸጦ ያስፈጫል
- ባዶ ጆንያ፣ የዘይት መቅጃና መለኪያ
- መጋዘን፣ ጥበቃ፣ የእንጨት ፓሌት
- የተጠቃሚ ካርድ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድ፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያ

አዋጅ 1113 የአስተዳደር ወጪን ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። የቢሮ ኪራይ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የኦዲት ክፍያ፣ መብራትና ኢንተርኔት በዚህ ውስጥ ናቸው። ለጋሹ ከዚያ ዝቅ ያለ ጣሪያ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ተከተሉ። ስንዴውን የሚመዝነው ሰው አበል ግን የሥራው ወጪ ነው። «አስተዳደር» ውስጥ ጨምራችሁ ራሳችሁን አትጉዱ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የብርና የዶላር ስሌት በቶሎ ይለወጣል። በጀቱን በብር ሥሩ፤ ዶላሩን ከጎኑ አስቀምጡ፤ የተጠቀማችሁበትን ምንዛሪና የባንኩን ቀን ከግርጌ ጻፉ። ለዋጋ ጭማሪ መጠባበቂያ የሚፈቅድ ለጋሽ አለ፤ የማይፈቅድም አለ። የማይፈቅድ ከሆነ ዋጋው ከጨመረ ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ጻፉ፦ «የእህል ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ የቤተሰብ ቁጥር አይቀነስም፤ የመጨረሻው ወር ስፍር በግማሽ ይሆናል።» እንዲህ ያለ አንድ አረፍተ ነገር ገበያ የሚያውቁ ሰዎች እንደጻፉት ያሳያል።

ለእያንዳንዱ ትልቅ ግዢ ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቡ። የእህል በረንዳ ነጋዴ ሁሉ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ስለዚህ ገና በጀት ስትሠሩ ደረሰኝ ያለው ነጋዴ ወይም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ፈልጉ። ዋጋው ትንሽ ቢበልጥ እንኳ ደረሰኝ የሌለው ርካሽ ስንዴ በኋላ «ያልተረጋገጠ ወጪ» ተብሎ ከኪሳችሁ ይመለሳል። ከግዢ ላይ የሚቀነሰውን ቅድመ ግብር ምጣኔም በወቅቱ ከገቢዎች ጠይቃችሁ ያዙ።

ደረጃ 7፦ ለማን እንደምትልኩ ምረጡ

አዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ ኤምባሲዎች ለአገር ውስጥ ማኅበራት አነስተኛ ድጋፍ የሚሰጡበት ፕሮግራም አላቸው፤ የካናዳ፣ የአውስትራሊያና የጃፓን ይጠቀሳሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። የጃፓኑ የሚያዘነብለው ወደ ግንባታና መሣሪያ ነው፤ ለዕለት ቀለብና ለደመወዝ አይሆንም። ስለዚህ ለእነሱ ወጥ ቤት፣ መጋዘን ወይም ወፍጮ ትጠይቃላችሁ እንጂ 40 ኩንታል ስንዴ አትጠይቁም። በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ የሚመራው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ ፈንድ አስቀድሞ የድርጅቱን አቅም ይመዝናል፤ አዲስ ማኅበር ከዚያ ቢጠቀም የሚሻለው የሌላ ድርጅት የሥራ አጋር ሆኖ ነው።

ቅርብ ያለውን አትናቁ። የኮምቦልቻና የደሴ ፋብሪካዎችና ነጋዴዎች፣ በውጭ ያሉ የወሎ ተወላጆች ማኅበራት ከገንዘብ ይልቅ ዱቄት፣ መኪና ወይም መጋዘን ቢሰጧችሁ በደብዳቤ አረጋግጡና በበጀቱ ላይ «የአካባቢ አስተዋጽኦ» ብላችሁ በብር ገምቱት። የውጭ ለጋሽ ይህን ሲያይ ይበረታታል።

የድጋፍ ጥሪውን ከማንበባችሁ በፊት ማንም አይጻፍ። ሁለት ሰው ለየብቻ አንብቦ ሦስት ነገር ያስምር፦ ማን ማመልከት ይችላል፣ ምን አይሸፈንም፣ ከፍተኛው ገንዘብ ስንት ነው። «ምግብ ማከፋፈል አይሸፈንም» የሚል ካለ የጓሮ አትክልት ወይም ዶሮ አስመስላችሁ ለማስገባት አትሞክሩ። ሌላ ጥሪ ጠብቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለማመልከቻ መመዝገቢያ ክፍያ የሚጠይቅ «ለጋሽ» አጭበርባሪ ነው። «ፕሮፖዛሉን አስጸድቄ ከመቶ አሥሩን እወስዳለሁ» የሚል ደላላም ይቅርባችሁ፤ ያ አሥር በመቶ በየትኛውም በጀት ላይ በሕጋዊ መስመር ሊገባ አይችልም።

ደረጃ 8፦ ጻፉ

ቁጥሮቹ ካሉ መጻፉ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቅደም ተከተሉ፦ ችግሩ (ግማሽ ገጽ)፣ የምትሠሩት (አንድ ገጽ)፣ ተጠቃሚ እንዴት እንደሚመረጥና ቅሬታ እንዴት እንደሚሰማ (ግማሽ ገጽ)፣ የወራት ሰሌዳ፣ በጀት፣ እንዴት እንደምትለኩት።

ደካማ፦ «በከተማችን ብዙ ወገኖች በከፍተኛ የምግብ ችግር ውስጥ ስለሚገኙ አስቸኳይ ድጋፍ ያስፈልጋል።»

ጠንካራ፦ «በግንቦት ወር ከጠየቅናቸው 50 ቤቶች 19ኙ በረሃብ መለኪያው 4 ወይም ከዚያ በላይ አግኝተዋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ 17 ቤተሰቦች ሙሉ ስፍር እንዲያገኙ እንጠይቃለን። በመስከረም እነዚያኑ ቤቶች በዚያው መጠይቅ እንጠይቃለን፤ ቢያንስ 12ቱ ከ4 በታች እንዲወርዱ እናቅዳለን።»

(ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡ።) ሁለተኛው ለምን ይሠራል? መጀመሪያውና መጨረሻው በአንድ መለኪያ የታሰረ ስለሆነ ለጋሹ ለአለቃው የሚያሳየው ነገር ያገኛል።

የመራጭ ኮሚቴውን ስብጥር ጻፉ፦ ከእድር፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሴቶች፣ ከቀበሌ አንዳንድ ሰው። የኮሚቴ አባል ቤተሰብ ተጠቃሚ መሆን ካለበት በዚያ ዕለት አባሉ ከስብሰባው ይውጣ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም ይጻፍ። የተመረጡት ዝርዝር ለ5 ቀን በቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ። በስም መለጠፉ የሚያሳፍራቸው ካሉ በካርድ ቁጥር ይሁን።

ደረጃ 9፦ ላኩ

የመጨረሻው ሰዓት በማን ሰዓት እንደሆነ አስሉ። «17:00 ጂኤምቲ» ማለት በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። «23:59 በመካከለኛው አውሮፓ» በእነሱ የብርድ ወራት ከሌሊቱ 7፡59፣ በሙቀት ወራታቸው 6፡59 ይሆናል። ኢንተርኔትና መብራት ስለሚቆራረጥ ከሦስት ቀን በፊት ላኩ። አባሪዎቹን በአንድ ፒዲኤፍ አድርጉ፤ ማኅተሙ የደበዘዘ ሰነድ እንደገና ይታተም። የድርጅቱ ስም በምስክር ወረቀቱ፣ በባንኩ ደብዳቤና በማመልከቻው ላይ በፊደልም በእንግሊዝኛ አጻጻፉም አንድ ይሁን። «ደሴ» በአንዱ ሰነድ በአንድ ኤስ፣ በሌላው በሁለት ኤስ ተጽፎ የባንክ ዝውውር ሊታገድ ይችላል።

ደረጃ 10፦ ገንዘቡ ከገባ በኋላ

ስምምነቱን ከመፈረማችሁ በፊት ገንዘቡ በስንት ዙር እንደሚለቀቅና ለሁለተኛው ዙር ምን እንደሚጠየቅ አንብቡ። የመጀመሪያው ዙር 50 በመቶ ከሆነ የሦስት ወር እህል በአንዴ ለመግዛት ያቀዳችሁት አይሠራም።

ግዢ ሲፈጸም ሦስት ሰው ይገኝ፤ ከየአሥሩ ጆንያ አንዱን ፈትታችሁ አናቱንም መካከሉንም እዩ፤ ሁሉንም መዝኑ። ኩንታል ተብሎ 96 ኪሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ። በ40 ኩንታል ላይ በእያንዳንዱ 4 ኪሎ ቢጎድል 160 ኪሎ ነው፤ ለ10 ሰው የሚሆን የአንድ ወር ሙሉ ስፍር ጠፋ ማለት ነው።

የማከፋፈያውን ቀን ከአርብ ስግደት፣ ከበዓላትና ከገበያ ቀን አርቁ። አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች ቀድመው ይስተናገዱ፤ መምጣት ለማይችል የሚወክለው ሰው ስም አስቀድሞ በካርዱ ላይ ይጻፍ። መዝገቡ ላይ ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ ኪሎ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይኑር። የጣት አሻራው አጠገብ የምስክር ፊርማ ካልታከለ ኦዲተር አይቀበለውም። እህል እየተቀበለ ያለን ሰው ፊት ለፊት ፎቶ አታንሱ። ለሪፖርት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ አስፈቅዱ፤ የጆንያውና የመዝገቡ ፎቶ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

የበጀት ድምርና የጽሑፉ ቁጥር አለመግጠም ከሁሉ ይበዛል፦ ጽሑፉ 35 ቤተሰብ፣ በጀቱ 40። ከመላኩ በፊት ጽሑፉን ያልጻፈ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብብ።

ሌላው የዘመን መቁጠሪያ ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ የብዙ ለጋሽ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ደረሰኝ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ቀን ከውሉ ዘመን ውጭ ሊመስል ይችላል፤ ለዚህ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ጀርባ የፈረንጁን ቀን በእርሳስ ጻፉ።

ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ገንዘብ ማዘዋወርም ያስጠይቃል። ማገዶው ካነሰና ከመጓጓዣው ከተረፈ፣ ከማውጣታችሁ በፊት ለለጋሹ በጽሑፍ አስፈቅዱ። ከወጣ በኋላ የሚመጣ ፈቃድ የለም።

የመጨረሻውን ሪፖርት በውሉ ቀን ላኩ፤ ያልተሳካውንም ጻፉ። 17 ቤተሰብ ታቅዶ 2ቱ ከሰፈሩ ከለቀቁ፣ በተጠባባቂነት ከተመዘገቡት ማን እንደተተካ፣ በየትኛው ቃለ ጉባኤ እንደተወሰነ አስቀምጡ። ከማከፋፈያው የተረፈ እህል ካለ ተመዝኖ፣ ለማን እንደተሰጠ በሦስት ሰው ተፈርሞ ከሪፖርቱ ጋር ይያያዛል፤ የተረፈ ገንዘብ ካለ ደግሞ ለጋሹ በጽሑፍ እስኪያዝ ድረስ በሒሳቡ ውስጥ ይቆያል።